የሰንበሌጥ ሜዳ ንጹሓን

«የሰንበሌጥ ሜዳ ቀበሌ ነዋሪ የሆኑት ወይዘሮ ደብሬ እንድሪስ፣ ዛሬ ግንቦት አራት ቀን ሁለት ሺህ ዘጠና ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ሲሆን፣ በራሳቸው ግቢ፣ በራሳቸው ጉድጓድ ውሃ፣ እግራቸውን ታጥበዋል።»

ድምፁ ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጣሪያ ላይ ተነሥቶ ሜዳውን አዳረሰና ማዶ ካለው ጉብታ ተመለሰ። ወፍራም፣ የማይቸኩል፣ ያዘነ የሚመስል የወንድ ድምፅ ነው። ባለቤቱን በእርግጠኝነት የሚያውቅ የለም። ከሞተ ሠላሳ ዓመት ያለፈው የሬዲዮ ሰው ነው፣ በዘመኑ የዕረፍት ዜና ያነብ ነበር ይባላል። መጀመሪያ ሰሞን ሰዉ ባለበት ቆሞ ባርኔጣውን አውልቆ ያዳምጠው ነበር። አሁን ጆሮውን የሚሰጠው ስሙ የተጠራበት ሰው ብቻ ነው።

ስሟ የተጠራባት ሴትዮ በዚያ ሰዓት የአያ ይመርን ላም ታጠጣ ነበር።

ላሟ ውሃውን ጭልጥ አድርጋ የሳፋውን ቂጥ ትልሳለች። ደብሬ አጠገቧ ቁጢጥ ብላ፣ እርጥብ መዳፏን ሌላ ባዶ ሳፋ ላይ እያጨበጨበች «እፎይ… እፎይ…» ትላለች፤ እግሩን የሚታጠብ ሰው እንደሚለው። ጉድጓዱ አፍ ላይ የተተከለው ሣጥን ይሰማልና።

ውሃ የሚፈልግ ሰው በመጀመሪያ ለሣጥኑ ዓላማውን ይናገራል። «ለመጠጥ» ያለ በነፍስ ወከፍ አራት ሊትር ይለቀቅለታል። «ለማብሰል» ያለ ሦስት። «ለከብት» ወይም «ለተክል» ያለ ልዩ ፈቃድ ይጠየቃል፤ ልዩ ፈቃድ የሚሰጥበት መስኮት ከተዘጋ ደግሞ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ገደብ የሌለው «ለንጽህና» ብቻ ነው። ተቅማጥ ሕፃን ሽማግሌ ሳይል በፈጀበት ዓመት፣ ስሙን የሚያስታውሰው የሌለ አንድ የጤና ሰው፣ በየትኛው ስብሰባ ላይ እንደሆነ እንጃ፣ መመሪያው ውስጥ «የሚታጠብ ሰው አይከልከል» የምትል አንድ መስመር አስገብቶ ጡረታ ወጣ። መመሪያው ከዚያ ወዲህ ስድስት ጊዜ ተሻሽሏል። መስመሯን የነካት የለም።

ሰንበሌጥ ሜዳ ኑሮውን በዚያች መስመር ላይ መሠረተ። ላም ማጠጣት እግር መታጠብ ሆነ። የበርበሬ ችግኝ ጸጉር ነው። ልብስ ማጠብ ማለት አምስት ነፍስ ያለበት የዘሐራ ቤት ሲሆን፣ ገላ መታጠብ ማለት አያ ይመር ናቸው። ሴቶች መንገድ ላይ ሲገናኙ «ጸጉርሽ እንዴት ነው?» ይባባላሉ። «ሊደርቅብኝ ነው፣ ከሰዓት እታጠባለሁ» ትላለች አንዷ፣ ወደ መደቧ እየተጣደፈች።

በእውነት የሚታጠብ ግን የለም። ቅዳሜ ቅዳሜ ፊትና ብብት በእርጥብ ጨርቅ ይታሻል፤ ጨርቁ ይጨመቃል፤ ጭማቂውም ወደ በርበሬው ይሄዳል። በመዝገብ ከወረዳው ሁሉ ንጹሕ የሆነው ቀበሌ፣ ነፋስ በተነሣ ቁጥር ሰዉ ከአጥሩ እኩል የሚቦንበት ቀበሌ ነበር።

አያ ይመር የራሳቸው ጉድጓድ ነበራቸው። አባታቸው ናቸው በእጃቸው የቆፈሩት። ሣጥኑ ተተክሎ ዓላማቸውን ሲጠይቃቸው «ለላሜ» አሉ። የቀበሌው ተቆጣጣሪ ፋንታው ራሱ እቤታቸው ድረስ ሄዶ ለመናቸው።

«አያ፣ ለንጽህና ነው ይበሉ። አንዲት ቃል ናት።»

«ለንጽህና አይደለማ።»

«ለውዱዕ ይበሉ እንግዲያው። በቀን አምስት ጊዜ። ማን ይጠይቅዎታል?»

«ላሟ አትሰግድም» አሉ አያ ይመር።

ሦስተኛ ጊዜ «ለላሜ» ባሉ በማግሥቱ መኪና መጥቶ ጉድጓዱን በሲሚንቶ ደፈነው። ከዚያ ወዲህ በአፈር ተየሙም አድርገው ይሰግዳሉ። «አፈሩን ገና ፈቃድ አላወጡበትም» ይላሉ፣ መዳፋቸውን እያራገፉ። በሰንበሌጥ ሜዳ የታችኛው መንደር የቀሩት ጉድጓዶች አንድም ደርቀው፣ አንድም ተደፍነው፣ የመንደሩ አራት ቤት የሚኖረው በደብሬ ጉድጓድ ነው። ለሣጥኑ የምትናገረው እሷ ናት። ውሃው ሲቀዳ አያ ይመር ፊታቸውን ወደ አጥሩ ያዞራሉ። የሰው ውሸት መስማት ጆሮ መስረቅ ይመስላቸዋል።

ሰኞ ዕለት ፋንታው አንድ ወረቀት ይዞ ወደ ደብሬ ግቢ ገባ። ፊቱ ሰው ሊያረዳ የመጣ ይመስል ነበር።

«እታለም ደብሬ፣ እስቲ ቁጭ በይ።»

«ቆሜ የማይሰማ ነገር ነው?»

«ደስ የሚል ነገር ነው። ለዚህ ነው ቁጭ በይ የምልሽ።»

አነበበላት። ወይዘሮ ደብሬ እንድሪስ በዓመቱ ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ዐሥራ ስድስት ጊዜ በመታጠብ ከወረዳው አንደኛ ወጥተዋል። ሁለተኛ የወጡት ሰው በአራት መቶ ያንሳሉ። ስለሆነም ሐሙስ የበላይ ኃላፊው አቶ ልዑልሰገድ በአካል ተገኝተው «የንጽህና ሞዴል» የሚል የምስክር ወረቀት ይሰጧቸዋል፤ ተሞክሯቸውም ተቀምሮ ይሰፋል።

«ምኔ ነው የሚሰፋው?»

«ተሞክሮሽ።»

ደብሬ የቀሚሷን ጫፍ ተመለከተች። ለማስፋት የሚበቃ ነገር አላየችበትም።

«ቀንሺ አላልኩሽም?» አለ ፋንታው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሰኔ ላይ ነገርኩሽ። ጥቅምት ላይ ነገርኩሽ። ሰው በቀን ሦስቴ ቢታጠብ ማን ምን ይለዋል? ስድስት ጊዜ… ዓሣ እንኳ ይሰለቸዋል።»

«ማንን ልቀንስ?» አለችው። «ዘሐራን ከነልጆቿ? አያ ይመርን? አንተ ምረጥልኝ። ጽፈህም ስጠኝ፣ ለሰዎቹ ላሳያቸው።»

ፋንታው ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ክፉ ሰው አይደለም። በየወሩ እየመጣ ላሟን አይቶ እንዳላየ ያልፋል። «ላሟን ሪፖርቱ ላይ ‹በመንገድ ስታልፍ የታየች› እያልኩ ነው የምጽፋት» አለ። «ሦስት ዓመት ሙሉ እያለፈች ነው። እኔ የምችለው ይኼን ነው።»

«ሰውየው እንዴት ያለ ነው?»

«ዝም ብሎ የሚያይ ሰው ነው። ጮርቃ ቀበሌ ሊሸልም ሄዶ፣ ሳፋው ውስጥ ሁለት የፍየል ጠጉር አገኘ። ንግግሩን አላቋረጠም። ጭብጨባው ሳያልቅ ጉድጓዱ ተደፈነ። የሲሚንቶው መኪና ከኋላው ነው የሚሄደው፣ እታለም። ለሽልማትም ሲሄድ።»

ደብሬ በልቧ ቆጠረች። አራት ቤት። ዐሥራ አራት ነፍስ። አንዲት ላም። ይህ ጉድጓድ ከተደፈነ ቅርቡ ውሃ የአንድ ቀን መንገድ ነው፤ እሱም በሰልፍ ነው፤ ሰልፉም የአካባቢው ተወላጅ ብቻ ነው የሚቆምበት።

በዚያው ቀን ከሰዓት ዘሐራና አያ ይመር ደብሬ ግቢ ጥላ ሥር ተቀመጡ። ፋንታውም ተቀመጠ፤ አለመቀመጡ የበለጠ ያስጠረጥራል ብሎ።

«አሁን ጥያቄው» አለች ዘሐራ፣ «በቀን ስድስት ጊዜ የምትታጠብ ሴት ምን ትመስላለች? ያየ አለ?»

ያየ አልነበረም።

«ቆዳዋ ይላጣል መሰለኝ» አለ ፋንታው።

«አይላጥም፣ ይሸበሸባል። የእናቴ አክስት ከተማ ልብስ አጣቢ ነበረች፤ ጣቷ እንደ ዘቢብ ነበር።»

«እኔም ተሸብሽቤያለሁ ያው» አለች ደብሬ።

«ያንቺ የዕድሜ ነው። ካሜራ ይለየዋል።»

ብዙ ተባለ። ቅቤ ትቀባ፤ አይ፣ ቅቤ አቧራ ይይዛል። ትተኛና ታማለች እንበል፤ አይ፣ በንጽህና አንደኛ የወጣች ሴት ከታመመች ሰውየው ውሃውን ያስመረምረዋል። በመጨረሻ ማንም መናገር ያልፈለገውን ዘሐራ ተናገረችው። ሐሙስ ጠዋት ደብሬ መታጠብ አለባት። የምር። ቢያንስ አንድ ባልዲ፣ ዐሥር ሊትር።

ሣጥኑ ባይገድብም ጉድጓዱ በቀን የሚሰጠው የተለካ ነው። ዐሥር ሊትር የማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ዐሥር ሊትር የአያ ይመር ነው፤ ከነላማቸው።

«አያ…» አለች ደብሬ።

«ታጠቢ፣ ልጄ» አሉ አያ ይመር። «እኔ ዓርብም አለሁ።»

ሐሙስ ጠዋት ላሟ ወደ ገደሉ ሥር ተነዳች። በርበሬው ላይ ሸራ ተዘረጋ። ደብሬ ባልዲዋን ይዛ ሣጥኑ ፊት ቆመች።

«የአጠቃቀሙን ዓላማ ይግለጹ» አለ ያ ያዘነ ድምፅ።

«ለንጽህና» አለች። የቃሉ ግማሽ አፏ ውስጥ ቀረ።

«አልተሰማም። በድጋሚ ይግለጹ።»

ሰባት ዓመት ስትዋሸው አንድም ቀን ድገሚ ብሏት አያውቅም።

ከጓሮ፣ ጆንያ በተጋረደበት፣ ዘሐራ አጠበቻት። ሁለት ሳፋ ከሥሯ ተቀምጧል፤ የሚፈሰው ለበርበሬው ነው። ሳሙናውን ያመጣው ፋንታው ነው፤ ከየት እንዳመጣው አልተጠየቀም። ደብሬ ከየት እንደሚጀመር ጠፍቷት ሳሙናውን ይዛ ቆመች። ዘሐራ ተቀብላት ከአንገቷ ጀመረች። የመጀመሪያው ውሃ ሻይ መስሎ ወረደ። ሁለተኛውም። በሦስተኛው ላይ ደብሬ ክንዷን አየችው። የእናቷን ክንድ ነበር የሚመስለው፤ የዚያን መልክ ከረሳችው ቆይታለች።

«ይኼ ጀርባሽ ላይ ያለው ጠባሳ የምንድነው?» አለች ዘሐራ።

«ጠባሳ አለብኝ?»

«አለ እንጂ። የቆየ ነው።»

ደብሬ ለማየት አንገቷን ጠመዘዘች፤ አልደረሰችበትም። ሁለቱም ሳቁ፤ ከዚያ ደብሬ ሳቋን ትታ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች፤ ዘሐራም ቀስ ብላ ማፍሰሷን ቀጠለች። ከጣሪያው ላይ ድምፁ ወይዘሮ ደብሬ እንድሪስ ገላቸውን መታጠባቸውን ለሕዝብ ሲያስታውቅ፣ በመንደሩ ውስጥ ያመነ ሰው አልነበረም።

ሦስት መኪና መጣ። ከፊት የኃላፊው፣ ቀጥሎ የጸሐፊውና የካሜራው፣ ከኋላ የሲሚንቶው። የሲሚንቶው በር ላይ ቆሞ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ፣ በርሜሉን ቀስ ብሎ ያዞር ጀመር። ሲሚንቶ ሲቆም ይደርቃላ።

አቶ ልዑልሰገድ ትልቅ ሰው ነበሩ፤ ሸሚዛቸው ግን ከዚያ ለሚበልጥ ሰው የተገዛ ይመስል አንገታቸው ላይ ይዞራል። ከንፈራቸው ቫዝሊን ተቀብቷል። ሽቶ ሸተቱ፤ ከሽቶው ሥር ደግሞ ሌላ ነገር፣ ጨርቅ ላይ የደረቀ ላብ የመሰለ፣ ሰንበሌጥ ሜዳ የሚያውቀው ሽታ። ዘሐራ አፍንጫዋን አነቃነቀችና ደብሬን አየቻት። ደብሬ አላየቻትም።

ንግግሩ ረጅም ነበር። ንጽህና የሥልጣኔ መሠረት መሆኑ፣ ከርሰ ምድር ውሃ የሁላችንም አደራ መሆኑ፣ አደራ የሚበላ ሰው ደግሞ… እዚህ ላይ ቆም ብለው ምራቃቸውን ለመዋጥ ሞከሩ፤ አልተዋጠላቸውም፤ ሳል አስመስለው አለፉት። የምስክር ወረቀቱ ተሰጠ። ተጨበጨበ። ደብሬ የጭብጨባውን መጨረሻ በጭንቀት ጠበቀች፤ አለቀ፤ በርሜሉ እዚያው መዞሩን ቀጠለ።

«ወይዘሮ ደብሬ» አሉ አቶ ልዑልሰገድ፣ «በቀን ስድስት ጊዜ። ለሌላ ሥራ ጊዜ ይተርፍዎታል?»

«ቶሎ ቶሎ ነው የምታጠበው፣ ጌታዬ።»

«ክረምትም?»

«ክረምት ይቀንሳል። ብርዱ ነው።»

ጸሐፊው «ብርዱ» ብሎ ጻፈ። አቶ ልዑልሰገድ ግቢውን ዞሩ። ፋንታው እንዳለው ነው፤ ዝም ብለው የሚያዩ ሰው ናቸው። የውሃ መቅጃውን አዩ። የደብሬን አንገት አዩ፤ ቀጥለው የዘሐራን አንገት አዩ። ሸራው ጋ ደረሱ።

«ይኼስ?»

«ልብስ ማስጫ ነው» አለ ፋንታው።

«መሬት ላይ?»

«እዚህ አገር ነፋስ አለ።»

ሸራውን አልገለጡትም። ጥላ ሥር ወደ ተቀመጡት ወደ አያ ይመር ዞሩ። ሸራ ይሸፍናል፤ ላም ትደበቃለች፤ አያ ይመርን ግን የትም መደበቅ አልቻሉም። ቤትዎ ይቆዩ ቢሏቸው «እንግዳ መጥቶ?» ብለው ነው የመጡት።

«አባት፣ እርስዎስ ጉድጓድ አለዎት?»

«ነበረኝ።»

«ምን ሆነ?»

«ደፈናችሁት።»

ጸሐፊው ቀና አለ። ካሜራ የያዘው ሰው ቀረብ አለ።

«ለምን ደፈንነው?»

«ሲጠይቀኝ መለስኩ።»

አቶ ልዑልሰገድ ሽማግሌውን ትኩር ብለው አዩ። ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም፤ እንደ መድከም ያለ ነገር ነበር። ከዚያ ግን የሥራቸው ስለሆነ ጠየቁ።

«ታዲያ አሁን ውሃ የሚጠጡት ከየት ነው?»

ፋንታው ዓይኑን ጨፈነ። ደብሬ የምስክር ወረቀቱን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። አያ ይመር አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ዘሐራ ከጓዳ ብቅ አለች፤ በቀኝ እጇ ጆግ፣ በግራዋ ሳፋ፣ ትከሻዋ ላይ ፎጣ።

«ምግብ ቀርቧል። እጅ ታጠቡ።»

በዚያ አገር የእጅ ውሃ ከመጣ ጥያቄ ይቆያል። ፍርድም ቢሆን ይቆያል። አቶ ልዑልሰገድም የሰው ልጅ ናቸው። ዘሐራ በክብር ወደ እሳቸው አመራች።

«አይሆንም፣ ታላቅ ይቅደም» አሉ፤ ካሜራው እየቀረጸ ነበርና።

«እንግዳ ነው የሚቀድም» አሉ አያ ይመር።

«በፍጹም፣ አባቴ።»

አያ ይመር እጃቸውን ዘረጉ። ዘሐራ ሳፋውን ከሥር አድርጋ ጆጉን አዘነበለች። ውሃው ወረደ፤ ፀሐይ ነበረበት። አያ ይመር እጃቸውን አላሹም። ሁለቱን መዳፋቸውን ገጥመው፣ ጣታቸውን አጥብቀው፣ እስኪሞላ ጠበቁ። «ቢስሚላህ» አሉ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ጠጡት። ሦስት ጉንጭ ነበር፤ በግቢው ውስጥ ሦስቱም ተሰማ። በእርጥብ መዳፋቸው ጢማቸውን ጠርገው ቀና አሉና፣ መልሱን የሰጡ ሰው ሆነው አቶ ልዑልሰገድን አዩዋቸው።

የጸሐፊው ጣት ሰሌዳው ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ። ፋንታው የጫማውን ማሰሪያ ያጠና ጀመር። ደብሬ ምን ብላ እንደምታስተባብል ፈለገች፤ ለላም እግር ብላለች፣ ለበርበሬ ጸጉር ብላለች፣ ለዚህ ግን ቃል አጣች። ዘሐራም የምታደርገው ጠፍቷት፣ እጇ የለመደውን ቀጠለ፤ አንድ እርምጃ ተራምዳ ሳፋውን ከአቶ ልዑልሰገድ እጅ ሥር አደረገች።

አቶ ልዑልሰገድ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ሁለት ትላልቅ፣ በስንጥቃቸው ነጭ ዱቄት የገባባቸው መዳፎች ወደ ፊት ወጡ። ዘሐራ አፈሰሰች። ውሃው እየሞላ ሄደ፤ ደብሬ ሳፋውን አየች፤ ወደ ሳፋው አንዲት ጠብታ አልወረደችም። ጣቶቹ ጥብቅ ብለው ተዘግተው ነበር። የካሜራው ቀይ መብራት እንደበራ ነው። ኃላፊው መዳፋቸው ውስጥ የቆመውን ውሃ ተመለከቱት፤ ትልቅ ሰው አንገቱን ሲደፋ እንደሚሆነው ቀስ እያሉ ደፉና፣ ጠጡት።

«ልጨምርልዎት?» አለች ዘሐራ፣ እንደ ወጉ።

ካሜራ የያዘው ሰው ካሜራውን መሬት ላይ አስቀምጦ ከኃላፊው ጀርባ ተሰለፈ። አቶ ልዑልሰገድ ቀና ሳይሉ እጃቸውን እንደገና ዘረጉ።